የዶሮና የኦቾሎኒ ወጥ (ማፌ)፦ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ለምን አልሆነልኝም?

ወጥ ጀማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በሴኔጋልና በማሊ በየቤቱ የሚሠራውን የዶሮና የኦቾሎኒ ወጥ በገዛ ወጥ ቤቴ ለመሥራት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ስላበላሸሁት፣ አሠራሩን የምታውቁ ካላችሁ ጥፋቴ የቱ ጋ እንደሆነ እንድታመለክቱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ያደረግሁት እንዲህ ነበር። አጥንት የሌለው የዶሮ ደረት 1 ኪሎ ግራም ያህል ቆራርጬ ከሽንኩርት ጋር አቁላላሁት፤ የቲማቲም ድልህ ጨምሬ ውሃ ከለስሁበት፤ ወዲያውም ከጠርሙሱ የኦቾሎኒ ቅቤ በትልቅ ማንኪያ 4 ጊዜ ቀድቼ እንዳለ ድስቱ ውስጥ ከተትሁና ከድኜ ተውሁት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስከፍተው ቅቤው ግማሹ ጓጉሎ ተንሳፍፏል፣ ግማሹ ከድስቱ ሥር ተጣብቆ አርሯል፤ የማረሩም ጠረን ወጡን ሁሉ ይዞት ስለነበር መብላት አልተቻለም። በሁለተኛው ጊዜ እንዳያርብኝ ብዬ ውሃውን እጥፍ አደረግሁት፤ አላረረም፣ ነገር ግን ወጡ ቀጠነ፣ ጣዕሙ እንደ ስኳር ጣፈጠ፣ የዶሮውም ሥጋ እንደ ገመድ ክር በጥርስ መካከል የሚገባ ሆነ።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ባየኋቸው ሥዕሎች ሁሉ በወጡ ላይ ቀላ ያለ ዘይት ተንሳፍፎ ይታያል። ይህ የሚፈለግ ነገር ነው ወይስ ወጡ ተበጣጥሶ ነው?

ባኦባብ፦

በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር 4 ዓመት ኖሬ ነበርና ይህን ወጥ ከጎረቤቴ እናት እጅ ሥር ቆሜ ነው የተማርሁት። እርሳቸው ከሁሉ አስቀድመው የከለከሉኝ እርስዎ ያደረጉትን ነው፤ የኦቾሎኒ ቅቤ እንዳለ ድስት ውስጥ አይገባም። በጎድጓዳ ሳህን ይደረግና ከድስቱ ትኩስ መረቅ በጭልፋ እየቀነሱ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ይበጠብጡታል። የመጀመሪያው ጭልፋ ሲገባ ቅቤው ከመቅጠን ይልቅ ሊጥ መስሎ ይጠነክራል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ሳይደነግጡ መጨመርዎን ከቀጠሉ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጭልፋ ይለቀቅና ወፍራም ወተት ይመስላል፤ ያን ጊዜ ድስቱ ውስጥ ቢያፈሱት አይጓጉልም፣ ከሥርም አይቀመጥም።

ስሙን በተመለከተ፣ ማፌ የሚለው በሴኔጋል የተለመደ ሲሆን ማሊ ውስጥ በባምባራ ቋንቋ ቲጋዴጌና ይባላል፤ ቲጋዴጌ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ና ደግሞ ወጥ ማለት ነው። ጋምቢያ ውስጥ ዶሞዳ ይሆናል፤ በዚያ ዱባና የሎሚ ጭማቂ ሲገባበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በዳካር ማፌ በአብዛኛው በበሬ ወይም በበግ ሥጋ ይሠራል፤ በዶሮ ሲሆን ማፌ ጊናር ይሉታል፣ ጊናር በሴኔጋሉ የወሎፍ ቋንቋ ዶሮ ማለት ነውና።

አሁን ወደ አሠራሩ። ለ6 ሰው የሚበቃ ከሆነ 1 ኪሎ ተኩል ታፋና እግር ከነአጥንቱ ይውሰዱ፤ ደረቱን ለሌላ ነገር ያስቀምጡት። በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በጨው አሽተው ለ1 ሰዓት ይተዉት። ሥሩ ወፍራም በሆነ ድስት በኦቾሎኒ ዘይት ቆዳው ቡናማ እስኪሆን ጠብሰው ያውጡት፤ ሙሉ በሙሉ እንዲበስል አይጠበቅም። በዚያው ዘይት ደቀቅ ብለው የተከተፉ 2 ትልልቅ ሽንኩርቶችን አቁላልተው፣ ሲለሰልሱ 3 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ይጨምሩ። ይህን ክፍል አደራ አይቸኩሉበት። ድልሁ ከደማቅ ቀይ ወደ ጡብ መልክ እስኪለወጥና ዘይቱን እስኪለቅ ድረስ 6 ወይም 7 ደቂቃ በማማሰያ እየገለበጡ ካላቁላሉት ጥሬ ቲማቲም የሚል ኮምጣጣ ጣዕም እስከ መጨረሻው አይለቅም፤ የኦቾሎኒውም ቅባት ሊሸፍነው አይችልም። ጎረቤቴ በዚህ ደረጃ ላይ ሳሉ ሰው ቢያናግራቸው አይመልሱም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዶሮውን መልሰው 1 ሊትር ተኩል ያህል የፈላ ውሃ ይጨምሩና 20 ደቂቃ ይቀቅሉት። ከዚሁ መረቅ እየቀነሱ 250 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ እንዳልሁት በጥብጠው ያፍስሱበት። አሁን እሳቱ እስከ መጨረሻው ይቀነስ፤ ክዳኑም ዘንበል ብሎ እንፋሎት ማስወጣት አለበት፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ከተከደነ ገንፍሎ ይፈሳል። በየ3 ወይም 4 ደቂቃው ከእንጨት በተሠራ ማማሰያ የድስቱን ሥር እየፋቁ ያማስሉ። ካሮትና ካሳቫ ካለዎት ቀድመው ይግቡ፣ ጥቅል ጎመኑ በትልልቁ ተሰንጥቆ ይከተል፣ ስኳር ድንች ግን ቶሎ ስለሚፈርስ የመጨረሻው 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ዶሮው ከአትክልቱ ቀድሞ ከአጥንቱ ሊለቅ ከደረሰ ለጊዜው አውጥተው ሊወርድ ሲል ይመልሱት።

ስለ ቃሪያው ደግሞ፣ በወሎፍ ካኒ የሚባለው ትንሽ፣ ድቡልቡልና እጅግ ኃይለኛ ቃሪያ ሳይበሳና ሳይቆረጥ ሙሉውን በወጡ ላይ ተንሳፍፎ ይበስላል። ጠረኑን ይሰጣል፣ ማቃጠሉን ግን ለራሱ ይይዛል። ማቃጠል የሚፈልግ ሰው በሳህኑ ጠርዝ ላይ ጫን እያደረገ ይወስዳል። በማማሰል ላይ ሳሉ ካፈነዱት ግን የሁሉም ሳህን ያው ነው።

ሰዓቱ ሁሉ ሲደመር ቅቤው ከገባ በኋላ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። የሚያበቃው በሰዓት ሳይሆን እርስዎ በጠየቁት ዘይት ነው፤ ዘይቱ በላዩ ካልወጣ ወጡ ገና ነው።

ማማሰያ፦

ባኦባብ ባሉት ላይ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ከጠርሙስ የሚወጣው ቅቤ ስኳር ያለበት ከሆነ ምንም ያህል ቢጠነቀቁ ወጡ መጣፈጡ አይቀርም፤ ስኳሩም ከድስቱ ሥር በፍጥነት ያርራል። በጠርሙሱ ጀርባ ከኦቾሎኒና ምናልባት ከጨው በቀር ሌላ ነገር የተጻፈበትን አይግዙ። እኔ ካጣሁ ቅርፊቱ የተላጠ ኦቾሎኒ በምድጃ በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እቆላለሁ፤ ቀይ ልባሱን በፎጣ አሽቼ አወጣና ሲቀዘቅዝ በመፍጫ እፈጫለሁ። መፍጫው መጀመሪያ ዱቄት፣ ቀጥሎ ድቡልቡል ሊጥ፣ በመጨረሻ ልስልስ ቅቤ ያደርገዋል፤ በመሃል ውሃ ጠብ አይደረግበትም።

የአክራ መንገድ፦

የባኦባብን አሠራር አከብራለሁ፤ ሆኖም ያለው መንገድ ያ ብቻ ነው ተብሎ እንዳይወሰድ የጋናውንም ልጻፍ። በአካን ቋንቋ ንካቴንኳን ይባላል፤ ንካቴ ኦቾሎኒ፣ ንኳን ደግሞ ሾርባ ማለት ነው። ስሙ እንደሚለው ከሴኔጋሉ ይልቅ ቀጠን ይላል፣ አትክልትም በብዛት አይጨመርበትም፣ ከሩዝ ይልቅ ከፉፉ ጋር መቅረቡ ይበዛል። ፉፉ ከተቀቀለ ካሳቫና ከአረንጓዴ የሙዝ ዘመድ ከሆነው ፕላንቴን ተወቅጦ የሚዘጋጅ ልስልስ ድቡልቡል ነው፤ በቀኝ እጅ ቆንጠር ተደርጎ በሾርባው ይጠቀሳል።

ዋናው ልዩነት ሽንኩርቱ ጭራሽ አለመቁላላቱ ነው። ዶሮው በተፈጨ ዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሽንኩርትና በጨው ታሽቶ ያለ ውሃ ከድስቱ ጋር በለስላሳ እሳት ይከደንና በራሱ ፈሳሽ ለ10 ደቂቃ ያህል ይበስላል። ከዚያ ውሃ ይገባል፤ 4 ሙሉ ቲማቲሞች፣ 1 ሙሉ ሽንኩርትና 2 ቃሪያዎችም ሳይከተፉ እዚያው ላይ ይጣላሉ። ሲለሰልሱ በጭልፋ ይወጡና በመፍጫ ደቅቀው፣ በወንፊት ተጠልለው ወደ ድስቱ ይመለሳሉ። በዚህ መንገድ ሾርባው ልስልስ ይሆናል፤ በምላስ ላይ የሽንኩርት ቁራጭ አይገኝበትም።

የኦቾሎኒ ቅቤውን ብዙዎቹ በሌላ ትንሽ ድስት ከጥቂት ውሃ ጋር ለብቻው በመለስተኛ እሳት እያማሰሉ ዘይቱን እስኪለቅ ያበስሉታል፤ ያን ጊዜ ነው ከመረቁ ጋር የሚቀላቀለው። ወጥ ጀማሪ የማረር ችግር ስላለብዎት ይህ መንገድ ይጠቅምዎታል ብዬ አስባለሁ፤ ከትንሹ ድስት አጠገብ 15 ደቂቃ ቢቆሙ ትልቁን ድስት 45 ደቂቃ ከመጠበቅ ያድንዎታል። አጥብቄ የምቃወመው የቲማቲም ድልህ መብዛቱን ነው። ድልህ ሲበዛ ወጡ የቲማቲም ወጥ ሆኖ ኦቾሎኒው እንግዳ ይሆንበታል።

ሞለኪውል፦

ሙያዬ የምግብ ሳይንስ ስለሆነ፣ ሁለታችሁም በልምድ የምታውቁት ነገር ለምን እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አሠራሩ ቢጠፋበት እንኳ ራሱ ሊያገኘው ይችላልና።

ኦቾሎኒ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ቅቤ ሆኖ ሲፈጭ ደቃቅ የፕሮቲን፣ የስታርችና የአሠር ቅንጣቶች በዘይት ውስጥ ይዋኛሉ። ጥቂት ውሃ ሲገባበት ውሃው ለሁሉም ቅንጣት አይዳረስም፤ ያገኙት ቅንጣቶች ረጥበው እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ ቅቤው ይጠነክራል። ውሃው ሲበዛ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሁን ዘይቱ ነው በደቃቅ ጠብታ ሆኖ በውሃ ውስጥ የሚዋኘው፣ ፕሮቲኑም ጠብታዎቹን ከብቦ እንዳይገናኙ ያደርጋል። ባኦባብ እንደ ወፍራም ወተት ያሉት መልክ ከዚህ የመጣ ነው። እንዳለ የተከተተው ቅቤ ግን ውጪው ብቻ ረጥቦ ይጠነክርና ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ራሱን ይዘጋል፤ ከሥር የተቀመጠውም በቀጥታ ከብረቱ ሙቀት ጋር ይገናኛል። ድስቱ ሥር ያረረብዎ ስለዚህ ነው።

በላይ ስለሚወጣው ዘይት ሲጠይቁ ተበጣጥሶ ነው ወይ ብለዋል። በእርግጥም ተበጣጥሶ ነው፤ በዚህ ወጥ ግን መበጣጠሱ የሚፈለግ ነው። ወጡ ለረዥም ጊዜ ሲንተከተክ ውሃው እየተነነ ይቀንሳል፣ ዘይቱን የከበበውም ፕሮቲን በሙቀት ስለሚለወጥ ጠብታዎቹ እየተገናኙ ያድጉና ይንሳፈፋሉ። ዘይቱ ከድልሁና ከቃሪያው ቀለሙንና ጠረኑን ስለሚስብ ቀልቶ ይታያል።

የዶሮውን ነገር በተመለከተ፣ ለጤና ሲባል የሥጋው መሃል 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ደረት እዚያ ላይ ሲደርስ ወዲያው መውጣት ሲኖርበት ታፋ ግን ጅማቱ ቀልጦ የሚለሰልሰው ከ80 ዲግሪ በላይ ቆይቶ ነው። በደረት ሥጋ የ1 ሰዓት ወጥ መሥራት ሥጋውን ለመድረቅ አሳልፎ መስጠት ነው።

ባኦባብ፦

ሞለኪውል ላደረጉልን ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ ጎረቤቴ ቢሰሙት ኖሮ ይህን ሁሉ እኔ ያለ ትምህርት አውቀዋለሁ ይሉ ነበር።

ለአክራ መንገድ ግን አንድ መልስ አለኝ። ቅቤውን በትንሽ ድስት ለብቻ ማብሰሉ ዘይቱን ቶሎ ያወጣል እንጂ ዶሮውና ኦቾሎኒው እርስ በርስ እንዲለማመዱ ጊዜ አይሰጥም። በ45 ደቂቃው ውስጥ የአጥንቱ መረቅ ወደ ወጡ፣ የኦቾሎኒውም ቅባት ወደ ሥጋው ይገባል። በተለይ በማሊና በቡርኪና ፋሶ የብስክሌት ዶሮ የሚሉትን፣ ማለትም ሜዳ ላይ ሲሯሯጥ ያደገውን ጠንካራ ዶሮ ካገኛችሁ፣ አጭሩ መንገድ ጭራሽ አይሆንም፤ እርሱ ቅቤው ከመግባቱ በፊት ብቻውን 1 ሰዓት መቀቀል አለበት። ለእርባታ ዶሮ ከሆነ ግን የእርስዎንም አሠራር አልነቅፍም። ስለ ድልሁ ደግሞ 3 ማንኪያ ለ6 ሰው ብዙ ነው ብዬ አላምንም፤ በደንብ እስከተቁላላ ድረስ።

ጥንቃቄ፦

ውይይቱ ስለ ጣዕም ብቻ ስለሆነ ሁለት ነገሮች እንዳይረሱ ብዬ ነው የገባሁት። ለእንግዳ የምትሠሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ትንሽ ቅንጣት እንኳ ነክቶት ትንፋሹ ሊያጥረውና ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለእንደዚህ ያለ እንግዳ ኦቾሎኒውን ከሳህኑ መልቀም አይበቃም፤ ማማሰያውም፣ መፍጫውም፣ የተጠበሰበትም ዘይት ሌላ መሆን አለበት። በሱፍ ፍሬ ቅቤ የተሠራ ወጥ ቀለሙ ወደ ግራጫ ቢያደላም ውፍረቱ ተቀራራቢ ይሆናል።

ሁለተኛው ራሳችሁ ስትፈጩ የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ፍሬ እንዳይገባ ነው። ኦቾሎኒ በእርጥበት ሲቀመጥ የሚያበቅለው አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ የታወቀው በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች በተበከለ የኦቾሎኒ መኖ ምክንያት ካለቁ በኋላ ነው። መቁላትም ሆነ መቀቀል ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ስለዚህ የተጠራጠራችሁትን ፍሬ ማጠብ ሳይሆን መጣል ነው።

የተረፈውን ወጥ በ2 ሰዓት ውስጥ ዝርግ በሆነ ዕቃ ገልብጣችሁ ማቀዝቀዣ ካስገባችሁት 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። በማግሥቱ እንደ ጭቃ ጠንክሮ ብታገኙት አልተበላሸም፤ ስታሞቁት ጥቂት ሙቅ ውሃ ይመልሰዋል።

ወጥ ጀማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ሠርቼ ውጤቱን ላሳውቃችሁ ነው የተመለስሁት።

አሠራሩ የባኦባብ ሲሆን ድልሁን ግን ከአክራ መንገድ ጋር ለመታረቅ ብዬ ወደ 2 ማንኪያ ቀነስሁት። ቅቤውን ስበጠብጥ፣ ምንም እንኳ አስቀድማችሁ የነገራችሁኝ ቢሆን፣ በመጀመሪያው ጭልፋ ሲጠነክር ልቤ ደንግጦ ነበር፤ በአራተኛው ሳይሆን በአምስተኛው ጭልፋ ተለቀቀ። ከድስቱ አጠገብ አልተለየሁም። ሠላሳ ደቂቃ እስኪሆን ምንም የዘይት ምልክት ባለማየቴ የሆነ ነገር ያጎደልሁ መስሎኝ እሳቱን ልጨምር ምንም አልቀረኝም፤ በ38ኛው ደቂቃ ላይ መጀመሪያ በድስቱ ዙሪያ፣ ከዚያ በመሃሉ ነጠብጣብ ሆኖ ወጣ። ሥሩን በማማሰያ ስፍቅ ምንም አልተያዘም ነበር።

ያልተስተካከለው ስኳር ድንቹ ነው። ከካሮቱ ጋር አብሬ ስላስገባሁት ግማሹ ፈርሶ ወጡ ውስጥ ቀለጠ፤ ወጡን ይበልጥ ስላወፈረው ሁለት ጊዜ ውሃ ልጨምርበት ግድ ሆነብኝ፤ ጥቂትም አጣፈጠው። የጋምቢያው ሎሚ ትዝ ብሎኝ ሊወርድ ሲል የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጠብ ባደርግበት ጣፋጭነቱ ወደኋላ አለ። ቃሪያውን ሳላፈነዳ እስከ ገበታ አደረስሁት፤ ቲማቲም መስሎት ሙሉውን የጎረሰው አንድ እንግዳ ግን ለሩብ ሰዓት ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ከእንግዲህ ሳላቀርብ አወጣዋለሁ።

በሚመጣው እሑድ የጋናውን ለመሞከር አስቤአለሁ። ካሳቫና ፕላንቴን የምወቅጥበት ሙቀጫ ስለሌለኝ ከፉፉው ሌላ ምን ሊቀርብለት ይችላል?

የአክራ መንገድ፦

ቀኑን ጥሩ መረጡ። ጋና ውስጥ በእሑድ ንካቴንኳን ከኦሞ ቱዎ ጋር ማቅረብ የታወቀ ነው፤ ኦሞ ቱዎ የሩዝ ድቡልቡል ሲሆን ሙቀጫ አያስፈልገውም። ቶሎ የሚለሰልስና የሚጣበቅ ሩዝ ይምረጡ፣ ከወትሮው በግማሽ የበለጠ ውሃ አድርገው እስኪፈርስ ይቀቅሉት። ውሃውን ከጨረሰ በኋላ ከእሳት ሳያወርዱት በእንጨት ማማሰያ ከድስቱ ጎን እያስደገፉ ይደፍጥጡት፤ ፍሬው ግማሽ በግማሽ ሲጠፋ ይበቃል። ሩዙ ሳይቀዘቅዝ እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃ እያራሱ የብርቱካን ያህል ድቡልቡል ያድርጉት፤ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል እንጂ አይያያዝም። በጎድጓዳ ሳህን 2 ድቡልቡል አስቀምጠው ሾርባውን በዙሪያው ያፍስሱ። ስኳር ድንቹን ግን በዚህኛው አያስገቡት።